መንጋጋዬን ላስነቅል ነው፣ ምን ይጠብቀኛል?

ጥያቄ፦ ሰላም ዶክተር፣ የምጽፍልዎት ከመንዝ፣ ከሞላሌ ነው። በግራ በኩል ያለው የታችኛው መንጋጋዬ ተቦርብሮ አልቋል። ሦስት ሳምንት በቅርንፉድና በነጭ ሽንኩርት ሳባብለው ቆየሁ፣ አሁን ግን ሌሊት አላስተኛ አለኝ። ደብረ ብርሃን ሄጄ ላስነቅለው ወስኛለሁ። ግን ፈራሁ። አያቴ በጉጠት ሲነቅሏት ሁለት ሰው ይዟት እንደነበር ስትናገር ነው ያደግኩት። ያማል? ደሙስ ቶሎ ይቆማል? ባለቤቴ ደግሞ «ብርድ ይገባበታል፣ በጋ እስኪሆን ታገሽ» ይለኛል። ሱቅ ስላለኝ ብዙ ቀን መዝጋት አልችልም።

መልስ፦ እህቴ፣ በጋን አትጠብቂ። የሞላሌን ብርድ አውቀዋለሁ፣ ግን በጥርስ ጉድጓድ ገብቶ የሚጎዳሽ ነገር የለም። ጋቢሽን ተከናንበሽ ነይ፣ ባለቤትሽም ደስ ይለዋል። መፍራት ያለብሽ መቆየቱን ነው። ጥርሱ መግል ቋጥሮ ፊትሽ ካበጠ ማደንዘዣው እንደ ልብ አይሠራም፣ ምክንያቱም በተመረዘ ሥጋ ውስጥ ጉልበቱ ይቀንሳል። ያኔ ነው ሰው «ደንዝዤም አመመኝ» የሚለው።

የአያትሽን ታሪክ አልክድም። እኔንም በልጅነቴ አንድ የሰፈር ሰው ያለ ማደንዘዣ ነቅሎኛል፣ እስከ ዛሬ ጉጠት ሳይ ያንን ቀን አስታውሳለሁ። ዛሬ ግን ሌላ ነው።

መጀመሪያ ሐኪሙ ይጠይቅሻል፦ ግፊት፣ ስኳር፣ የልብ ሕመም፣ የምትወስጂው መድኃኒት፣ እርግዝና። አትደብቂ። ቢቻል ራጅ ይነሳል። እዚህ ላይ አንቺም አንድ ነገር ጠይቂ፦ «ይሄ ጥርስ ሳይነቀል ሊተርፍ ይችላል?» እኛ ሰዎች ወንበሩ ላይ ሳንቀመጥ «ንቀሉልኝ» ማለት ይቀናናል፣ የሥር ሕክምና ተደርጎለት ዓመታት የሚያገለግል ጥርስ ግን አለ። ተቦርብሮ አልቋል ያልሽው እውነት ከሆነ መንቀሉ አይቀርም፣ ቢሆንም መጠየቅ አይከፋም።

ከዚያ መርፌው ይመጣል። ለጥቂት ሰከንድ ይወጋል፣ ይቆነጥጣል። ልብሽ ትንሽ ድው ድው ቢል አትደንግጪ፣ ብዙ ጊዜ ከማደንዘዣው ጋር አድሬናሊን ስላለ ነው፣ ወዲያው ይበርዳል። ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ባለው ጊዜ ግማሽ ከንፈርሽና ግማሽ ምላስሽ ይከብዳል፣ የሌላ ሰው ከንፈር የተለጠፈብሽ ይመስልሻል። ሲነቀል ግፊት ይሰማሻል፣ መንጋጭላሽ ሲገፋ፣ ጥርሱ ሲወዛወዝ፣ አንዳንዴም ቀጭ ሲል ትሰሚያለሽ። ድምፁ ነው የሚያስፈራው። የተሳለ ሕመም ግን ሊሰማሽ አይገባም፣ ከተሰማሽ እጅሽን አንሺ፣ ማደንዘዣ ይጨመርልሻል። ዝም ብሎ መቻል ጀግንነት አይደለም። የታች መንጋጋ ብዙውን ጊዜ ሁለት ሥር ስላለው አንዳንዴ ተከፋፍሎ ነው የሚወጣው፣ ስለዚህ ግማሽ ሰዓት ቢፈጅ «ተሰበረብኝ» ብለሽ አትጨነቂ።

አንድ ነገር ደግሞ፣ በባዶ ሆድ አትምጪ። ሳይበላ የመጣ ሰው ራሱን ሊስት ይችላል። ረቡዕና ዓርብ የምትጾሚ ከሆነ ሌላ ቀን ምረጪ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ሁሉም ሰው የሚፈራው ወንበሩን ነው፣ እኔ ግን የምፈራልሽ የመልሱን መንገድ ነው። ጥርሱ ሲወጣ ጉድጓዱ በደም ይሞላል፣ ደሙ ይረጋል። አጥንቱን የሚከድነው ያ የረጋ ደም ነው። እሱን ካስወጣሽው አጥንቱ ይራቆታል፣ ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ሕመም ለጠላትም አልመኝም። ስለዚህ የተሰጠሽን ጎዝ ከ30 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ጥርቅም አድርገሽ ንከሺ፣ በየደቂቃው እያወጣሽ አትዪው። እስከ ማግስቱ አትጉመጥመጪ፣ አትትፊ። መኪና ውስጥ በየኩርባው በመስኮት እንትፍ የሚል ሰው አይቼ አላውቅ መሰለሽ? ምራቅሽን ዋጪው። ምራቅሽ ቀላ ቢል የመጀመሪያው ቀን ነው፣ ጠብታ ደም ብዙ ምራቅ ያቀላል። እየፈሰሰ ካስቸገረ ንጹሕ ጎዝ አጥፈሽ፣ በውኃ አርጥበሽ፣ እንደገና 20 ደቂቃ ንከሺበት።

ማደንዘዣው ከ2 እስከ 4 ሰዓት ይቆያል። አስቢው እንግዲህ፣ ወዲያው መኪና ከያዝሽ ጣርማ በርን አልፈሽ መዘዞ አካባቢ ስትደርሺ ይለቅሻል፣ እዚያ ደግሞ ፋርማሲ ፍለጋ አትወርጂም። ሳይለቅሽ በፊት ማስታገሻ ውሰጂ። ለአዋቂ ባለ 500 ሚሊግራም ፓራሲታሞል 2 ፍሬ በየ6 ሰዓቱ፣ በቀን ከ8 ፍሬ ሳያልፍ። ጉበትሽን የሚያምሽ ከሆነ ግን መጀመሪያ ሐኪሙን ጠይቂ። ደብረ ብርሃን ዘመድ ካለሽማ እደሪ፣ ማታ ቢደማብሽ ቅርብ ነሽ።

የዚያን ቀን ትኩስ ነገር የለም። አቦልም፣ ቶናም፣ በረካም። ለብ ያለ አጥሚት ወይም በሶ በጥብጠሽ ጠጪ፣ በስትሮ ግን አይሆንም፣ መምጠጡ የረጋውን ደም ይስበዋል። አረቄና ሲጋራ ፈጽሞ። ለመንዝ ሰው ቆሎ ተው ማለት እንደሚከብድ አውቃለሁ፣ ግን ለአንድ ሳምንት ያህል ተይው፣ ስብርባሪው ጉድጓዱ ውስጥ ይገባል። ከ24 ሰዓት በኋላ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በአንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ውኃ በጥብጠሽ፣ ምግብ በበላሽ ቁጥር ቀስ አድርገሽ አፍሽን እጠቢ። ነጭ ሽንኩርቱን፣ ቅርንፉዱን፣ ጤና አዳሙን ቁስሉ ላይ እንዳትጠቀጥቂ። አስፕሪን ድድ ላይ የሚያስቀምጡም አሉ፣ ሥጋውን ያቃጥለዋል።

ሕመሙ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት ይኖራል፣ ግን በየቀኑ መቀነስ አለበት። ቀንሶ የነበረው በ3ኛው ወይም በ4ኛው ቀን ተነስቶ ወደ ጆሮሽ ከወጣና አፍሽ መጥፎ ከሸተተ የረጋው ደም ወጥቷል ማለት ነው። የሚያጨሱ ሰዎችና የወሊድ መከላከያ ክኒን የሚወስዱ ሴቶች ላይ ይበዛል። በፀረ ተሕዋስያን ክኒን አይድንም፣ ሐኪሙ አጥቦ መድኃኒት ያደርግበታል፣ እፎይ ትያለሽ። ትኩሳት ከመጣ፣ መዋጥ ወይም አፍ መክፈት ካቃተሽ፣ እብጠቱ ወደ አንገትሽ ከወረደ ግን ሌሊትም ቢሆን ሂጂ።

ሱቁን? በማግስቱ መክፈት ትችያለሽ። ጆንያ አታንሺ እንጂ።

ጥያቄ፦ ከደብረ ሲና። አባቴ 68 ዓመታቸው ነው፣ የላይኛው ክራንቻቸው እየነቀነቀ ያማቸዋል። ጎረቤት «የዓይን ጥርስ ነው፣ ከተነቀለ ዓይን ያጠፋል» ብሎ አስፈራቸው። የግፊት መድኃኒትና በየቀኑ አንድ አስፕሪን ይወስዳሉ።

መልስ፦ የክራንቻ ነርቭና የማየት ነርቭ የተለያዩ ናቸው፣ ጥርሱ በመነቀሉ ዓይን አይጠፋም። ወሬው ከየት እንደመጣ ግን ይገባኛል። የላይኛው ክራንቻ ሲመግል እብጠቱ ወደ ዓይን ሥር ይወጣል፣ ዓይኑም ይጨፈናል። ሰው ያንን ያያል፣ ከዚያ ነቃዩን ይወቅሳል። አደጋው ሳይነቀል መቆየቱ ነው።

የግፊት መድኃኒታቸውን የዚያን ቀን ጠዋትም እንደወትሮው ይውሰዱ። አስፕሪኑን በራሳችሁ አታቋርጡ፣ ለልብ ወይም ለጭንቅላት የደም ሥር የታዘዘ ከሆነ ማቋረጡ ከጥርሱ ደም የባሰ ነገር ሊያመጣ ይችላል። ትንሽ ይደማሉ፣ በጎዝና በስፌት ይቆማል። ግፊታቸው 180 በ110 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ሐኪሙ ሌላ ቀን ሊቀጥራቸው ይችላል፣ አትከፉ። የመድኃኒቶቹን ካርቶን በሙሉ በፌስታል ይዛችሁ ሂዱ፣ «ቀይዋ ክኒን» ብሎ መናገር ለሐኪሙ አይረዳውም። ጠዋት ቀጠሮ ያዙላቸው፣ ቢደማ ሳይመሽ ተመልሳችሁ እንድታሳዩ።