ፖስትዶክ ለምታስቡ የጎጃም ልጆች

ሰላም ናችሁ ልጆቼ። ከባህር ዳርም ከደብረ ማርቆስም ሆናችሁ «ጋሼ ፖስትዶክ እንዴት ነው ሚገኘው» ምትሉኝ ስለበዛችሁ ለሁላችሁም አንዴ ልጻፈው ብዬ ነው።

ፖስትዶክ ቋሚ ስራ አይደለም። ፒኤችዲ የጨረሰ ሰው ራሱን ችሎ ተመራማሪ እስኪሆን በሌላ ሰው ላብራቶሪ (ላብ) ሚቆይበት ጊዜ ነው፣ ኮንትራቱ ብዙ ጊዜ በየአመቱ ነው ሚታደሰው፣ የፕሮፌሰሩ ግራንት (ለምርምሩ የተሰጠው ገንዘብ) ካለቀ ደሞዛችሁም አለቀ። የአሜሪካ መንግስት የጤና ምርምር ተቋም፣ ኤንአይኤች፣ በ2024 ለጀማሪ ፖስትዶክ ያስቀመጠው በአመት 61,008 ዶላር ነው፣ ወደ ብር ሲመነዘር ብዙ ነው ግን ቦስተን ላይ የቤት ኪራይ ከፍላችሁ ስታዩት ሌላ ነው። ይሄን ከመሄዳችሁ በፊት ለቤተሰብ አስረዱ፣ እናት ገንዘብ ስትጠብቅ እናንተ እዛ ስትጨነቁ በጣም ይከብዳል።

ብዙዎቻችሁ በዩኒቨርሲቲው ስም ነው ምትመርጡት፣ እኔ ግን በሰውየው ምረጡ ነው ምለው። ከመፈረማችሁ በፊት ከዛ ላብ የወጡ ሁለት ሶስት ሰዎች ፈልጉና አሁን የት እንደገቡ፣ ስማቸው ቀድሞ የወጣበት ፔፐር (የታተመ የጥናት ጽሁፍ) እንዳላቸው፣ ሰውየው ሲናደድ ምን አይነት እንደሆነ ጠይቋቸው። ፕሮፌሰሩን ደግሞ ራሱን በኢንተርቪው «ስወጣ ይዤው ምሄደው ፕሮጀክት ይኖረኛል ወይ» በሉት። ይሉኝታ እንደሚይዛችሁ አውቃለሁ፣ ትልቅ ሰው እንዲህ አይጠየቅም ተብለን ነው ያደግነው፣ ግን እኛ ሀገርም እኮ የሰው መሬት በእኩል ሚያርስ ገበሬ ምርቱን እንዴት እንደሚካፈል በሬ ሳይጠምድ ነው ሚነጋገረው። ጥያቄውን የተቀየመ ፕሮፌሰር ካለ እዛ አትሂዱ በቃ። አሜሪካ በጄ-1 (የልውውጥ ጎብኚ) ቪዛ ሪሰርች ስኮላር፣ ማለትም ተመራማሪ፣ ሆናችሁ ምትቆዩት ቢበዛ 5 አመት ነው፣ የራሳችሁ የምርምር ጥያቄ ሳይኖራችሁ ካለቀ በኋላ ማካካስ ይከብዳል።

ጥያቄ ደግሞ እኛ ጋ ሞልቷል። ዝሆኔን ውሰዱ፣ ብዙ ሰው ከትል ይመስለዋል ግን የኛ ደጋ ላይ ያለው ፖዶኮኒዮሲስ ከእሳተ ገሞራ የመጣውን ቀይ አፈር በባዶ እግር ከመርገጥ ሚመጣ ነው። በ2018 የታተመ ምስራቅ ጎጃም ላይ የተሰራ ጥናት አለ፣ 696 ታማሚዎች ነበሩበት፣ እግር በሳሙና ማጠብ፣ ቅባት፣ ፋሻ፣ ካልሲና ጫማ የተሰጣቸው ሰዎች በየጊዜው ሚያነሳባቸው ትኩሳትና ህመም ቀንሶላቸዋል። በዘር የሚወረስ ተጋላጭነት እንዳለውም ታውቋል፣ ግን አፈሩ ውስጥ ያለው ማዕድን እግር ውስጥ ገብቶ በትክክል ምን እንደሚያደርግ ገና አልተፈታም፣ ይሄ እኮ የላብ ስራ ነው! እንዲህ ያለውን ይዞ የሚሄድ ልጅ ከማንም ጋር እኩል ቁጭ ብሎ ያወራል። ናሙና ወደ ውጭ ሚላክ ከሆነ ግን የስነምግባር ፍቃዱና የናሙና ዝውውር ስምምነቱ ሀገር ቤት ያልቅ፣ የእናንተም ስም ውሉ ላይ ይኑር።

ፒፔት (ላብ ውስጥ ጥቂት ፈሳሽ መለኪያ መሳሪያ) በእጃችሁ ይዛችሁ ካላወቃችሁ መጀመሪያ አዲስ አበባ አርማወር ሀንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት ወይ ባህር ዳር የአማራ ህብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት በሪሰርች አሲስታንትነት ተቀጠሩ፣ የላብ ምርመራዎቹን፣ ዲኤንኤ ሚያባዛውን ፒሲአሩንም በደም ውስጥ ፕሮቲን ሚለካውን ኤላይዛውንም፣ ራሳችሁ ስሩት፣ አር የሚባለውን የዳታ መተንተኛ ፕሮግራም ጎን ለጎን ልመዱ።

ለፕሮፌሰር ስትጽፉ ደግሞ ለመቶ ሰው አንድ አይነት ኢሜይል አትበትኑ። የሰውየውን ፔፐር አንብቡና ያልገባችሁን አንዱን ነገር ጠይቁት፣ ሁለት ሳምንት ዝም ካለ በትህትና አንዴ ድገሙት። ከመላካችሁ በፊት ለኔ ብታሳዩኝ አነበዋለሁ፣ ሲቪውንም አብራችሁ ላኩ።