ዘንባባን ጓሮ ውስጥ መትከል፦ ጥያቄና መልስ

መላሽ፦ የምመልሰው ስለ አገራችን ዘንባባ ብቻ ነው። ወንዝ ዳርና እርጥብ የተራራ ደን ውስጥ የሚበቅለው፣ ሰሌን የሚሠራበት፤ በሳይንስ ስሙ ፊኒክስ ሬክሊናታ። አስቀድሜ ልንገራችሁ፦ ልቡን፣ ማለትም አዲስ ቅጠል የሚወጣበትን የግንዱን ጫፍ፣ አትቁረጡ።

ከደሴ፦ ጋሼ፣ ዘንባባዬ እየደረቀ ነው። ምን ላድርግ?
መላሽ፦ የቱ ቅጠል? የታችኛው ከሆነ አርጅቶ ነው፣ ተወው። መሃል ያለው አዲሱ ከሆነ ግን ያሰጋል። ለይተህ ጠይቅ።

ከሐይቅ፦ ከዘር እንዴት ይበቅላል?
መላሽ፦ እንዲህ ጠይቁኝ! ፍሬው ብርቱካናማ ሆኖ ሲበስል ልቀሙ። ሥጋውን አጥባችሁ አስወግዱ። ዘሩን አንድ ሁለት ቀን ውኃ ውስጥ ዘፍዝፉት። ከዚያ ጥልቅ ከረጢት ውስጥ ዝሩ። ጥልቅ ያልኩት በምክንያት ነው። የዘንባባ ዘር መጀመሪያ ወደ ታች ነው የሚሄደው፤ ቅጠል የሚያወጣው ሥሩ ቦታ ከያዘ በኋላ ነው። ሰዉ ወር ጠብቆ ምንም ሲያጣ «ሞቷል» ብሎ ይቆፍረዋል። የሚሞተው ያኔ ነው! ሁለት ሦስት ወር ታገሡ። የመጀመሪያው ቅጠል ደግሞ አንድ ቀጭን ዘለላ ነው። ሳር መስሏቸው ያረሙት ስንቶች ናቸው!

ከኮምቦልቻ፦ የእኔ ትልቅ ሆኖ ፍሬ የለውም። ቴምር ይሰጣል ብለውኝ ነበር።
መላሽ፦ የቴምር ዘመድ ነው እንጂ ቴምር አይደለም። ፍሬው ይበላል፣ ሥጋው ግን ስስ ነው። ወንዴና ሴቴው ለየብቻ ናቸው፤ ወንዴ ከሆነ ዕድሜህን ሙሉ ብትጠብቅ አያፈራም። አበባ ሳያወጣ ደግሞ አይለይም። «ሴቴ ችግኝ ነው» ብሎ የሚሸጥልህን አትመን።

ከወልዲያ፦ ለሆሳዕና መቁረጥ ይከለከል፤ ዛፉን ጨረሱት።
ከከሚሴ፦ ኧረ ወንድሜ! እናቴ በሰሌን ነው ያሳደገችን። ለሰሌን የሚሆነው ለስላሳው ቅጠል ደግሞ ገና ያልተፈታው፣ ያልተዘረጋው ነው።
ከወልዲያ፦ አሁን ሁሉም ቤት የፕላስቲክ ምንጣፍ አይደል?
ከከሚሴ፦ ፕላስቲክና ሰሌን አንድ ሆኑልህ?
መላሽ፦ ምንጣፉን ሌላ ቦታ ተከራከሩ። ካልተፈታው አንድ ቢወሰድ ዛፉ አይሞትም። ቢላዋው ወደ ልቡ ከገባ ግን ያ ግንድ አለቀ። ከጎን ሌላ ያወጣ ይሆናል፣ የተቆረጠው ግን አይመለስም።

ከኩታበር፦ ውርጭ ይችላል?
መላሽ፦ ቀላሉን ይችላል። ችግኝ ሳለ ሌሊት ሸፍኑት።

ከደሴ፦ የእኔ ግንዱ አንድ ብቻ ነው፣ በጣም ወፍራም።
መላሽ፦ እንግዲያው የካናሪ ደሴቶች ዘንባባ ሳይሆን አይቀርም። የኛው ከአንድ ሥር ብዙ ግንድ ያወጣል።

ከሐይቅ፦ እንዲረዝም ጫፉን ብቆርጠውስ?
መላሽ፦ ያ ጫፍ ልቡ ነው! ስንቴ ልበል?

ከኮምቦልቻ፦ በር ላይ ልትከለው?
መላሽ፦ ልጆች ካሉ አይሆንም። የቅጠሉ እግር እሾህ ነው፣ ዓይን ያጠፋል። አጥር ጥግ፣ ውኃ የሚደርስበት ቦታ ይሻላል።