ፍልሰትንና ማኅበራዊ ድጋፍን ለምታጠኑ ወጣቶች

ልጆቼ፣

«ፍልሰተኛ ሲበዛ ሕዝቡ መንግሥት ለችግረኛ የሚሰጠውን ድጋፍ ይጠላል» የሚለውን ለመፈተን የምትነሱ ብዙ ናችሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱ ግን ያንሸራትታል። እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ ጥናት ለ73 የአጥኚ ቡድኖች አንድ ዓይነት መረጃ ሰጥቶ ይህንኑ መላምት አስፈተናቸው። ከ1,200 በላይ ከሆኑት ስሌቶች 58 በመቶ ያህሉ ግልጽ ግንኙነት አላሳዩም፤ ሩብ ያህሉ ሕዝቡ ለዚህ ድጋፍ ያለው ይሁንታ ይቀንሳል፣ 17 በመቶው ደግሞ ይጨምራል አሉ። የአጥኚዎቹ ዕውቀትም ሆነ ቀድሞ የያዙት እምነት ልዩነቱን እምብዛም አላብራራውም።

ስለዚህ መረጃውን ከመክፈታችሁ በፊት ውሳኔያችሁን በጽሑፍ አስፍሩ። የምትለኩት በአገሩ ያሉትን ፍልሰተኞች ድርሻ ነው ወይስ በቅርብ ዓመታት የጨመረውን? ብዙ ሰው የሚሳሳተው ግን በናሙናው ብዛት ተታልሎ ነው። በአንድ የዳሰሳ ዙር ከ25 አገሮች 40,000 ሰው ብትጠይቁም፣ የፍልሰተኞች ድርሻ የሚለያየው በአገር እንጂ በሰው አይደለምና ለዚህ ጥያቄ በእጃችሁ ያለው 25 ነጥብ ብቻ ነው። በየተራ አንድ አገር እያወጣችሁ ስሌቱን ድገሙ፤ አንዷ ስትወጣ ውጤቱ ከተገለበጠ፣ ያጠናችሁት ያቺን አገር ነው።

መጠይቁንም ቀርባችሁ እዩት። በብዙ የአውሮፓ አገሮች የሕዝብን አመለካከት በየጊዜው የሚጠይቀው የአውሮፓ ማኅበራዊ ዳሰሳ፣ እ.ኤ.አ. በ2008 እና በ2016 ዙሮቹ፣ ከውጭ የመጡ ሰዎች ከዜጎች እኩል የማኅበራዊ ድጋፍ መብት መቼ ያግኙ ብሎ ጠይቋል። ምርጫዎቹ አምስት ናቸው፦ እንደደረሱ ወዲያው፤ ሠሩም አልሠሩም አንድ ዓመት ሲኖሩ፤ ቢያንስ አንድ ዓመት ሠርተው ግብር ሲከፍሉ፤ ዜግነት ሲያገኙ፤ ፈጽሞ። ይህን «ደጋፊ» እና «ተቃዋሚ» ብሎ ለሁለት መክፈል ያሳዝነኛል። ሦስተኛውን የመረጠ ሰው በር አልዘጋም፤ «መጀመሪያ ያዋጡ» ነው ያለው። ከ«ፈጽሞ» ጋር ስትደባልቁት ያላለውን ታስብሉታላችሁ።

የጥያቄ ቅደም ተከተልም መልስ ይለውጣል። የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎቹ አሌሲና፣ ሚያኖና ስታንቼቫ በስድስት አገሮች ባደረጉት ጥናት፣ አስቀድመው ስለ ፍልሰት የተጠየቁ ሰዎች ከሀብታም ወስዶ ለድሃ ማከፋፈልን የሚደግፉት ባነሰ መጠን ነበር። ናሙናችሁን በዕጣ ለሁለት ክፈሉ፤ ለግማሹ የድጋፉን፣ ለግማሹ የፍልሰቱን ጥያቄ አስቀድሙ፤ ለማን የትኛው እንደደረሰውም መዝግቡ።

በአማርኛ የምትጠይቁ ከሆነ ደግሞ «ስደተኛ» የሚለው ቃል ከጦርነት የሸሸውንም ለሥራ የመጣውንም ይይዛል። ማንን ማለታችሁ እንደሆነ በአንድ ዓረፍተ ነገር ግለጹ። ከዚያ አሥር፣ አሥራ አምስት ሰው ላይ ሞክሩትና «ይህን ሲሰሙ ማን ታሰበዎት?» ብላችሁ ጠይቁ።