የሁለት ቀን ሰርተፍኬት ይዞ መርፌ መያዝ

ጥያቄሽ ባጭሩ ይሄ ነው፦ ከፊዚዮቴራፒ ልትመረቂ ጥቂት ወራት ቀርተውሻል። የምትመዘገቢበት የሁለት ቀን የድራይ ኒድሊንግ (የታመመ ጡንቻን መድኃኒት በሌለው ቀጭን መርፌ የመውጋት ሕክምና) ስልጠና አግኝተሻል። ሰርተፍኬቱ ሲቪሽን ያጠናክረው እንደሆነ ትጠይቂያለሽ።

ሊያጠናክረው ይችላል። አሁን ግን አትቸኩዪ።

መጀመሪያ ፈቃዱን አጣሪ። ድራይ ኒድሊንግ ለፊዚዮቴራፒስት የሚፈቀድበት ቦታ አለ፣ የማይፈቀድበትም አለ። አሰልጣኙ ሰርተፍኬት እንጂ የሙያ ፈቃድ አይሰጥሽም። ፈቃድ ሰጪውን አካል ጠይቂና መልሱን በጽሑፍ ተቀበዪ።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጣው መመሪያ ሐኪም ላልሆነ የአኩፓንክቸር (የቻይና ባህላዊ የመርፌ ሕክምና) ባለሙያ 2,500 ሰዓት ስልጠና አስቀምጧል። አኩፓንክቸርን በውስን መልኩ ለሚጠቀም ሐኪም እንኳ 200 ሰዓት ይላል። "የኛ አኩፓንክቸር አይደለም፣ የጡንቻ ቋጠሮ ነው የምንወጋው" ይሉሽ ይሆናል አሰልጣኞቹ። እሺ፣ ይሁን። ለሳንባ ግን የሕክምናው ስም ምኑም አይደለም።

ታካሚ ሁሉ "እዚህ ጋ ያዘኝ" እያለ የሚያሳይሽን የትከሻ ጡንቻ እንውሰድ። ከሥሩ የሳንባ ጫፍ አለ። ጡንቻውን በጣቶችሽ ቆንጥጠሽ ሳታነሺ መርፌውን ወደ ታች ከሰደድሽው፣ በተለይ ቀጭን ሰው ላይ፣ ሳንባ ልትወጊ ትችያለሽ። የደረት ውጋቱ፣ የትንፋሽ ማጠሩና ደረቅ ሳሉ ደግሞ ታካሚው ቤቱ ከገባ ከሰዓታት በኋላ ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ ከመሄዱ በፊት ምልክቶቹን ማወቅ፣ ከታዩበትም ሳይውል ሳያድር ድንገተኛ ክፍል መሄድ እንዳለበት መስማት አለበት። አወጋጉን በስላይድ አትለምጂውም። አጠገብሽ ቆሞ እጅሽን የሚያይ፣ "ቁሚ፣ አቅጣጫሽ ተሳስቷል" የሚልሽ ሰው ያስፈልግሻል።

የንጽሕናውን ነገር ታውቂዋለሽ። ስተራይል መርፌ፣ ለአንድ ሰው፣ አንዴ ብቻ፤ ከዚያ በቀጥታ ሴፍቲ ቦክስ (ያገለገለ መርፌ መጣያ ሣጥን) ውስጥ። ስትወጊ ቁጠሪ፣ ስትነቅዪም ቁጠሪ፤ ልብስ ሥር ተረስቶ የሚቀር መርፌ አለና። ሰልጣኞች ብዙውን ጊዜ የሚለማመዱት እርስ በርስ ስለሆነ የሄፓታይተስ ቢ ክትባትሽን አስቀድመሽ ጨርሺ።

እኔ ብሆን ተመርቄ፣ በመርፌ የሚሠራ ሲኒየር ያለበት ክፍል ገብቼ፣ ዓመት ያህል ታካሚ ካየሁ በኋላ ነው የምሰለጥነው። ያኔ ስትመዘገቢ አንድ አሰልጣኝ ስንት ሰልጣኝ እንደሚይዝ ጠይቂ። በተግባር ፈተናው የወደቀ ሰው ይኖር እንደሆነም ጠይቂ። "ማንም ወድቆ አያውቅም" ካሉሽ ብርሽን ያዢ።