አንድ ሕግ ይዞ መቆፈር፦ ጌም መሥራት ለምትፈልጉ ወጣቶች

ጌም መሥራት የምትፈልጉ ልጆች ሐሳባችሁን ስታጫውቱኝ ደስ ይለኛል። ሐሳቡ ሁሌም ሰፊ ነው። መቶ ከተማ፣ ሺህ ዓይነት መሣሪያ፣ ማለቂያ የሌለው ካርታ። እኔ ዕድሜዬን ኮድ ስጽፍና የሰው ኮድ ስፈትሽ የኖርኩ ሰው ነኝና ስፋቱ ብዙም አይማርከኝም። "ተጫዋቹ ምን ሲያደርግ ምን ይሆናል?" ብዬ ስጠይቅ ግን አብዛኞቻችሁ ዝም ትላላችሁ። ለዚህ ጥያቄ ግሩም መልስ ያለው አንድ አሮጌ ጌም አለ። ዛሬ ስለ እሱ ልንገራችሁ።

ስሙ ኦራክል ኦፍ ኤጅስ ነው። ከዘ ሌጀንድ ኦፍ ዜልዳ ተከታታይ ጌሞች አንዱ ሲሆን በ2001 እ.ኤ.አ. ጌምቦይ ከለር ለሚባል በእጅ ለሚያዝ የጌም ማሽን ወጣ። የሠራው ፍላግሺፕ የሚባል የጃፓኑ ጌም ሠሪ ኩባንያ የካፕኮም ቅርንጫፍ ነው፤ አሳታሚው ደግሞ ኒንቴንዶ። ማሽኑን እስቲ አስቡት። ስክሪኑ በወርድ 160፣ በቁመት 144 ፒክስል ብቻ ነው። መሣሪያ የምትጠቀሙባቸው ቁልፎች ሁለት ናቸው፣ ኤ እና ቢ። የሚሠራው በሁለት ባትሪ ድንጋይ ነው። ዛሬ ርካሽ ከምንለው ስልክ ጋር እንኳ አይወዳደርም።

ታሪኩ ላብሪና በምትባል አገር ነው። ቬራን የምትባል ክፉ አስማተኛ በዘመን ጠባቂዋ በናይሩ ላይ ትሰፍርባትና ወደ ጥንት ዘመን ትሻገራለች። እዚያም የንግሥት አምቢ አማካሪ ትሆናለች። ንግሥቲቱ ግንብ እያሠራች ነው። ሠራተኞቹ ሳያርፉ እንዲለፉ ቬራን ቀኑ እንዳይመሽ ታደርጋለች። ተጫዋቹ የሚያንቀሳቅሰው ጀግና ሊንክ በገና ይዞ ይከተላታል። በገናውን ሲመታ ከዘመን ወደ ዘመን ይሻገራል።

አሁን ሕጉን ልብ በሉ። ጥንት ላይ የተደረገው ዛሬን ይለውጣል፤ ዛሬ ላይ የተደረገው ጥንትን አይነካም። በቃ! አገሩ አንድ ነው፣ ካርታው ሁለት።

አንዷን እንቆቅልሽ ቀረብ ብለን እንያት። ሊንክ ዛሬ ላይ ገደል ሥር ቆሟል። መውጫ የለውም። ወደ ጥንት ሲሻገር ከገደሉ ፈቀቅ ብሎ አንዲት ትንሽ ቡቃያ ያያል። ገፋ ገፋ አድርጎ ገደሉ ሥር ያደርሳታል። ወደ ዛሬ ሲመለስ ቡቃያዋ ሐረግ ሆና ገደሉን ወጥታዋለች። እሷን ይዞ ይወጣል። እንደ ፕሮግራመር ስታዩት ይህን ለመሥራት የሚያስፈልገው ነገር በጣም ትንሽ ነው። የዘመናትን እድገት ማስላት አያስፈልግም። ቡቃያዋ የት እንዳለች መዝግቦ መያዝና ዛሬ ላይ እዚያው ቦታ ሐረግ መሣል ይበቃል። ተጫዋቹ ግን ዘመን አልፎ ሐረግ ሲያድግ ያየ ያህል ይሰማዋል። ለእኔ ጥሩ ንድፍ ማለት ይሄ ነው።

እዚያው ሕግ ታሪክ ሲሸከም ደግሞ እዩት። ማኩ የምትባል የምትናገር ትልቅ ዛፍ አለች። ዛሬ ላይ ፊታችሁ ቆማ ሳለ ድንገት ትጠፋለች። ለካ ጥንት ላይ፣ ገና ችግኝ ሳለች፣ ጭራቆች እያጠቋት ነው። ሊንክ ሄዶ ያድናታል። ችግኟ ወድዳው ሳድግ አገባሃለሁ ትለዋለች። ሲመለስ ግዙፏ ዛፍ ቦታዋ ላይ ናት። እሱ አሁን ተለይቷት መምጣቱ ነው፤ እሷ ግን ዘመናትን አሳልፋም አልረሳችውም። አዲስ ሕግ አልተጨመረም። ያው ቡቃያዋን ያሳደገው ሕግ ነው። ስድስተኛው ዋሻ ጋ ስትደርሱ አንዱ ዋሻ በሁለት ዘመን ተሠርቶ ይጠብቃችኋል፤ አንዱን ለመጨረስ ሌላው ውስጥ መግባት ግድ ነው።

እንከን የለውም አልላችሁም። ቁልፎቹ ሁለት ብቻ ስለሆኑ መሣሪያ ለመቀየር ሜኑ መክፈትና መዝጋቱ ያሰለቻል። የዓሣ ልብሱን ለብሳችሁ ስትዋኙ ለእያንዳንዷ እርምጃ የአቅጣጫ ቁልፉን ደጋግሞ መጫን እጅ ያደክማል። ሕጉ ራሱ ግን የትም አይላላም።

ስለ አሠራሩም አንድ ነገር እወቁ። በአንድ ወቅት የታቀዱት ሦስት ጌሞች ነበሩ። በይለፍ ቃል እንዲያያዙ ተፈልጎ ሦስቱን ማገናኘት ስላስቸገረ አንዱ ተሰረዘ። ኤጅስና ወንድሙ ሲዝንስ ቀሩ። ኤጅስ ወደ እንቆቅልሽ፣ ሲዝንስ ወደ ውጊያ አደላ። አንዱን ስትጨርሱ የሚሰጣችሁን የይለፍ ቃል ሌላው ላይ ስታስገቡ ታሪኩ ይቀጥላል። ትልቅ ስም ያላቸው ሰዎች እንኳ የወደዱትን ቆርጠው ጥለዋል። እናንተም መቁረጥን አትፍሩ።

ዳይሬክተሩ ሂዴማሮ ፉጂባያሺ ይባላል። በኋላ የተከታታዩን ትልልቅ ጌሞች የመራው እሱ ነው። በ2011 እ.ኤ.አ. በወጣው ስካይዋርድ ሶርድ በረሃ ውስጥ አንድ ድንጋይ ሲመታ ዙሪያው ብቻ ወደ ጥንት ይመለሳል፤ አሸዋው ይለመልማል። በ2023 በወጣው ቲርስ ኦፍ ዘ ኪንግደም ደግሞ የአንድን ዕቃ እንቅስቃሴ ወደ ኋላ መመለስ ይቻላል። ጊዜን ወደ ኋላ የመመለስ ጥያቄው በትንሿ ስክሪን ላይ ከተነሳው ብዙም አይርቅም። ከሃያ ዓመት በላይ አብሮት የዘለቀ ይመስለኛል።

እንግዲህ ኮምፒውተሩን ለጊዜው ተዉት። ሁለት ወረቀት አምጡና አንድ ሰፈር በሁለቱም ላይ ሣሉ፤ አንዱ የዱሮው፣ ሌላው የዛሬው። ዱሮ ላይ አንድ ነገር ብቻ አንቀሳቅሱ፤ ድንጋይ ይሁን ቦይ። ዛሬ ላይ ምን እንደሚለወጥ ጻፉ። ከዚያ ታናሽ ወንድማችሁን ወይም እህታችሁን ጥሩና በጣታቸው እየተጓዙ እንዲጫወቱት አድርጉ። መልሱን አትንገሯቸው። የት ጋ እንደተደናገሩ፣ የት ጋ ፊታቸው እንደበራ መዝግቡ። "ሌላም ሥራልን" ካሉ፣ ያኔ ኮድ መጻፍ ጀምሩ።