የአንባቢያን ጥያቄ፦ «ኅብረቱ» ሌላ ቤተ ክርስቲያን ነውን?

ጥያቄ፦ በእንግሊዝ አገር የሚኖረው የእህቴ ልጅ ወደ አንግሊካን ቤተ ክርስቲያን ከገባ አራት ዓመት ሆኖታል፤ እኛም እያዘንን ለምደነው ነበር። አሁን ደግሞ በሀገረ ስብከቱ የሚገኝ «የወንጌላውያን አንግሊካኖች ኅብረት» አባል መሆኑን ጻፈልን። ካህናትና ምእመናን በአንድነት አባል የሚሆኑበት ነው ይላል። እናቴ «ይህ ልጅ ስንት ጊዜ ሃይማኖት ይለውጣል?» እያለች ትጨነቃለች። ምን ልበላት?
(ከደብረ ማርቆስ)

መልስ፦ ልጁ ለሁለተኛ ጊዜ ሃይማኖት እንዳልለወጠ ለእናትዎ ይንገሩልኝ። ኅብረቱ የራሱ ጳጳስም ሆነ ክህነት የሌለው፣ በእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የሚኖር ማኅበር ነው። ጭንቀቱን ያመጣው ቃሉ ይመስለኛል። በእኛ አገር «ወንጌላዊ» ሲባል ወደ አእምሯችን የሚመጡት እንደ መካነ ኢየሱስ ያሉ ራሳቸውን የቻሉ አብያተ ክርስቲያናት ናቸው፤ በአንግሊካኖች ዘንድ ግን ቃሉ የመጽሐፍ ቅዱስን የበላይ ሥልጣን፣ የክርስቶስን የመስቀል ሞት፣ የእያንዳንዱን ሰው ንስሐና ስብከተ ወንጌልን አጥብቀው የሚይዙትን በዚያው ቤተ ክርስቲያን ያሉ ሰዎች ያመለክታል።

ከቤተ ክርስቲያናቸው እንውጣ ወይስ እንቆይ የሚለው ጥያቄ ለእነርሱም ከባድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1966 በለንደን በተደረገ ስብሰባ ማርቲን ሎይድ ጆንስ የተባሉት ታዋቂ ሰባኪ፣ ብዙዎች እንደተረዱት፣ ወንጌላውያን የተደበላለቀ ትምህርት ያለባቸውን አብያተ ክርስቲያናት ትተው እንዲወጡ ጥሪ ሲያቀርቡ፣ ስብሰባውን ይመሩ የነበሩት አንግሊካናዊው ካህን ጆን ስቶት እዚያው መድረክ ላይ ተቃወሟቸው። በዓመቱ በኪል ዩኒቨርሲቲ አንድ ሺህ ያህል ካህናትና ምእመናን ተሰብስበው በቤተ ክርስቲያናቸው ጸንተው ለመኖር ወሰኑ። የእህትዎ ልጅ ያለበት ኅብረትም በዚሁ መንገድ የሚሄድ ነው።

ካህንና ምእመን አብረው አባል የሚሆኑበት ምክንያት በጎጃም ላደገ ሰው እንግዳ አይሆንም፤ የጽዋ ማኅበር ላይ የነፍስ አባትና ገበሬው በአንድ ማዕድ ይቀመጡ የለምን? ልዩነቱን ግን መሸፋፈን አልፈልግም። የእኛ ማኅበር በቅዱሱ ወርኃዊ በዓል የሚሰበሰብ ሲሆን የእነርሱ ግን በትምህርት አቋም የተሰበሰበ ነው። በእንግሊዝ ገጠር አንድ ካህን ብዙ አጥቢያዎችን ብቻውን ሲያገለግል ማየት የተለመደ ስለሆነ፣ አብረውት የሚጸልዩና ቃሉን የሚያጠኑ ወንድሞች ማግኘቱ ቀላል ነገር አይደለም። ምእመናኑም የውሳኔ ድርሻ አላቸው፤ እ.ኤ.አ. ከ1970 ጀምሮ በሚሠራው ጠቅላላ ሲኖዶስ ጳጳሳት፣ ካህናትና የተመረጡ ምእመናን በሦስት ምክር ቤት ይቀመጣሉ። በየካቲት 2023 ይኸው ሲኖዶስ ለተመሳሳይ ፆታ ጥንዶች የሚደረግ የቡራኬ ጸሎትን ሐሳብ ከተቀበለ ወዲህ፣ ውሳኔውን የሚቃወሙት ወንጌላውያን ይበልጥ እየተሰባሰቡ ነው። ልጁ በደብዳቤው ይህን ክርክር ቢያነሣ እንዳይደነግጡ ብዬ ነው የጠቀስኩት።

እናትዎ ደስ ይላቸው እንደሆነ ደግሞ ይህን ያጫውቷቸው። መላውን መጽሐፍ ቅዱስ ወደ አማርኛ የተረጎመው አቡ ሩሚ የጎጃም ሰው ነው። ካይሮ ውስጥ ከፈረንሳዩ ቆንስል ጋር ማክሰኞና ቅዳሜ በር ዘግተው እየተቀመጡ ዐሥር ዓመት ደከሙበት። ያን የእጅ ጽሑፍ እ.ኤ.አ. በ1820 ለብሪታንያ የመጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር የገዛው ዊሊያም ጆዌት፣ ወንጌላውያን አንግሊካኖች በ1799 ያቋቋሙት የሚሲዮን ማኅበር መልእክተኛ ነበር፤ ሙሉው መጽሐፍም በ1840 ታትሞ ወጣ።

እኔ በእርስዎ ቦታ ብሆን ልጁን የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ እሑድ እሑድ በአጥቢያው ይገኛልን? ኅብረቱ ከአጥቢያው የሚያርቀው ከሆነ ያን ጊዜ በግልጽ ይምከሩት። ከዚያ በቀር እናትዎ ልጁ ከአጥቢያው ካህን ጋር የሚጸልይበት ማኅበር አገኘ ብለው ቢያስቡ አይሳሳቱም።