ከቲማቲሙ መሃል ብር የምትለው ግራጫ ነገር

ጥያቄ፦ መቂ አካባቢ በመስኖ ቲማቲም አለማለሁ። አመሻሽ ላይ ቅጠሉን ነካ ሳደርገው ጥቃቅን ግራጫ የእሳት እራቶች ብር ብር ይላሉ። ቅጠሉ እየነጣ ይደርቃል፣ ፍሬው አረንጓዴ ቆቡ ሥር እየተበሳ ነው። መድኃኒት ብረጭም አልጠፋ አለኝ። ጎረቤቴ «ከኬንያ ነው የመጣብን» ይላል። እውነት ነው?

መልስ፦ ጎረቤትዎ ኬንያን በከንቱ ነው የሚያማት። የነገሩን ምልክት ሁሉ ቱታ አብሶሉታ የምትባለው የቲማቲም የእሳት እራት ነው፣ እሷ ደግሞ እኛ ጋ የገባችው ኬንያ ከመድረሷ በፊት ነው። አገሯ ደቡብ አሜሪካ፣ የፔሩ ተራሮች አካባቢ ነው። በፈረንጆች 2006 ስፔን ታየች፣ ከዚያ በሰሜን አፍሪካ አድርጋ በ2012 ኢትዮጵያ ገባች፣ አሁን ደቡብ አፍሪካም ህንድም ቻይናም አለች። ይህን ሁሉ በክንፏ በርራ እንዳይመስልዎት። በቲማቲም ጭነት፣ በችግኝና በሳጥን ነው የምትጓዘው።

ርዝመቷ 6 ወይም 7 ሚሊሜትር ነው፣ ክንፏ ሲዘረጋ 1 ሴንቲሜትር ቢሆን ነው። መልኳ ብርማ ግራጫ ሆኖ ጥቁር ነጠብጣብ አለበት፣ አንቴናዋ እንደ ክር ቀጭን ነው። ቀን ቅጠል መሃል ትደበቃለች፣ ጎህ ሲቀድና ሲመሽ ትወጣለች። ችግሩ ዘመዷ የሆነችው የድንች የእሳት እራት ቁርጥ እሷን መምሰሏ ነው፤ ስለዚህ በክንፏ ብቻ አይፍረዱ፣ ቅጠሉንም ይዩ። ቅጠል ሰርሳሪዋ ዝንብ ጠባብና ጠመዝማዛ መስመር ነው የምትተወው፣ የቱታ ትል ግን ሰፋ ያለ ነጭ ቦታ ይሠራል፣ ውስጡም ጥቁር ኩስ አለ። ቅጠሉን ወደ ፀሐይ ቢያነሱት ትሉን ራሱን ያዩታል።

መድኃኒቱ ያልሠራው ለዚህ ነው። ትሉ በቅጠሉ የላይና የታች ቆዳ መሃል ገብቶ ስለሚበላ የሚረጩት ብዙ ጊዜ አይነካውም። አንዷ ሴት እስከ 260 እንቁላል ትጥላለች፣ በሙቀት ደግሞ በወር ገደማ አዲስ ትውልድ ይደርሳል፣ እና ያንኑ መድኃኒት ደጋግመው ሲረጩ የሚተርፈውና የሚራባው የለመደው ነው።

እኔ ብሆን መጀመሪያ ገንዘቤን ፌሮሞን ወጥመድ ላይ ነው የማወጣው። በሴቷ ሽታ ወንዱን አታሎ ይይዛል፤ ብቻውን ማሳ አያጸዳም፣ መቼ እንደበዛች ግን ቶሎ ያሳይዎታል። የተበላ ቅጠልና ፍሬ ለቅመው ይቅበሩ፣ ማሳው ዳር አይጣሉት። አውጥና አስተናግር የሚባሉትን አረሞችም ይንቀሉ፤ ቲማቲም ሲጠፋ እነሱ ላይ ትቆያለች። ቀጥሎ ድንች እንዳይተክሉ፣ እሱንም ትበላለች፤ ሽንኩርት ወይም ጎመን ይሻላል።